ስድብ የጎደላቸው ደብዳቤዎች

እንጅባራ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ርብቃ ይኸነው (በአባቷ አጠራር ማናለብሽ ይኸነው)
ሃይደራባድ፣ ህንድ አገር

ጉዳዩ፦ ለተላከው ደብዳቤ መልስ ስለመስጠት፣ እንዲሁም መልስ ስላለመስጠት

ጤና ይስጥልኝ። ወርቅአየሁ እባላለሁ። እዚሁ ቆሰበር ፍርድ ቤት ግንብ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ሃያ ሁለት ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ድንበሩ የተገፋውን፣ በሬው የጠፋበትን፣ ባሏ የከዳትን ሁሉ አቤት አሰኝቻለሁ። አባት ለልጁ ሲያጽፍ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ክስ ክስ ቢልሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እጄ ሌላ ነገር አልለመደም። ያንቺን ደብዳቤ አትማ የሰጠችኝ ፍቅርአዲስ የምትባል የኢንተርኔት ቤት ባለቤት ናት። የእኔንም የእጅ ጽሑፍ እሷው ስካን አድርጋ ትልከዋለች፤ ኔትወርክ ከፈቀደ።

አባትሽ ስልክ ለምን እንደማያነሱ ለጠየቅሽው፦ አንቺ ጸሎት ቤት የቀየርሽ፣ ስምሽንም ከማናለብሽ ወደ ርብቃ ያዞርሽ ዕለት፣ «ድምፅዋ ዳግመኛ በጆሮዬ አይገባም» ብለው በጊዮርጊስ ምለዋል። ይኸው አምስት ዓመት ሞላው። ደብዳቤስ ብዬ ጠየቅኋቸው። በደብዳቤ አልማሉም። ነገር ግን ማንበብ ስለማይችሉ፣ እኔ ሳነብላቸው ያው በጆሮ መግባቱ አይደለም ወይ? በዚህ ጭብጥ ላይ ግማሽ ቀን ተከራከርን። በመጨረሻም የሚገባው የእኔ ድምፅ ስለሆነ፣ በእኔ ድምፅ ላይ ደግሞ ማንም ስላልማለ፣ ደብዳቤው እንዲነበብ ተወስኗል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የእርሳቸው ቃል ነው። ካፋቸው እንደወጣ አስቀምጬዋለሁ።

«ዳማው ሞተ በላት። በመስከረም። ከዓይኑ በላይ አበጠ፣ ባፍንጫው አረፋ ደፈቀ፣ በሦስተኛው ቀን ወደቀ። በማግስቱ የእንየው ፈረስም ተከተለው። እሷ የፈረስ በሽታ ላጥና ብላ አይደል አገር ያቋረጠችው? እዚያ ፈረስ አለ ወይ? የለም? ታዲያ ፈረስ ሳያዩ የፈረስ ጥናት እንዴት ያለ ነው? አራት ዓመት! ጻፍ። ምን ታፈጥብኛለህ፣ አንተ ቀለም አባካኝ! ‹ምን ታፈጥብኛለህ›ንም ጻፍከው? ሂድ ወዲያ!»

ሰላምታ ልጨምርበት ወይ ብዬ ብጠይቃቸው አልከለከሉም፤ አልፈቀዱምም። ስለዚህ ከራሴ፦ እንዴት ከርመሻል?

ጸሐፊ ወርቅአየሁ


ሃይደራባድ፣ ኅዳር 9 ቀን 2010

ጋሼ ወርቅአየሁ፣

እንደምን ሰነበቱ? አባቴስ እንደምን ሰነበተ? አልጠየቀችኝም እንዳይል፣ ሁለት ጊዜ ጠይቃለች ይበሉልኝ።

ዳማውን ውርንጭላ ሳለ ጨው ያላስኩት እኔ ነኝ። ማዘኔን ይንገሩልኝ። ምልክቶቹን ሲነግርዎ ከመማሪያ መጽሐፌ ይልቅ አሳጥሮና አጥርቶ ነው የነገረዎት።

ፈረስ የለም፤ እውነቱን ነው። ያለው አንድ ኮምፒውተር፣ ከላዩም እየተንቋቋ የሚዞር ማራገቢያ ነው። ለአባቴ ግን እንዲህ ብለው ያንብቡለት። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ላዩን የሚሸፍንለት ፕሮቲን አለው። ፕሮቲን ማለት እንደ ረጅም ገመድ ነው፤ ራሱ ላይ ተጣጥፎ፣ ተጠማዞ አንድ ቅርፅ ይይዛል። ክትባት ይሠራ ከተባለ ያንን ቅርፅ ማወቅ ይጠቅማል። እኔ የያዝኩትን ግን ማንም በዓይኑ አላየውም። በጎችን የሚያሳምም አንድ ዘመድ ቫይረስ አለ፤ የእሱ ቅርፅ ይታወቃል። ስለዚህ የእኔ ሥራ የጎረቤትን ፈረስ ኮርቻ ተውሶ በራስ ፈረስ ላይ መጫን ነው። አብዛኛው ይገጥማል። ያልገጠመውን ኮምፒውተሩ እያላላ እያጠበቀ ያስተካክላል። አንዱ ዙር ሁለት ቀን ይፈጃል። ሲጨርስ ነጥብ ይሰጠኛል፤ ነጥቡን አይቼ እንደገና አስነሳዋለሁ። አሁን ዐሥራ ሰባተኛው ዙር ላይ ነኝ።

አንድ ቦታ ብቻ እምቢ ብሎኛል። በዚያ ቦታ የበጉ ቫይረስ ምንም አቻ የለውም፤ የተዋስኩት ኮርቻ እዚያ ጋ ቀዳዳ ነው። ኮምፒውተሩ ባዶ አይወድም፤ በየዙሩ ከራሱ ፈጥሮ ይሞላልኛል። በየዙሩም የሚሞላው ሌላ ነው።

ይህን ካነበቡለት በኋላ፣ ፊቱ ፈታ ብሎ ካዩት ብቻ፣ የቀረችኝን አንዲት ጥያቄ ያንብቡለት፦ አባ፣ ታርቀኸኛል ወይ?

ርብቃ


እንጅባራ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2010

ጉዳዩ፦ ኮርቻን በሚመለከት የተሰጠ የባለሙያ አስተያየት

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አንብቤላቸዋለሁ። ሦስቱ በራሳቸው ጥያቄ ነው፤ «ኮርቻው ላይ ድገመው» እያሉ። አንድ የመሬት ባለጉዳይ ወረፋ ሲጠብቅ ሰምቶ፣ ይህ ቫይረስ የሚሉት የማን ፈረስ ነው ብሎ ጠይቋል። ቃላቸው ይህ ነው፦

«ሞኝ ናት በላት። ያልገጠመ ኮርቻ ጠፍሩን ደጋግመው ቢያጠብቁት ምን ይሆናል? ላዩ ያምራል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው አይቶ ያደንቃል። ሥሩ ግን ፈረሱ ገጣባ ሆኗል። የሚያጠብቅ ሰው ዓይኑ ጠፍሩ ላይ ነው። ታውርደውና ጀርባውን ትይ። በየስንት ጊዜው ነው ምታወርደው? አታወርደውም ይሆናላ! ኧረ ጻፍ፣ አንተ የግንብ ሥር እንሽላሊት፣ ፀሐይ ብቻ ነው እንዴ ምትሞቀው? ጨርሰሃል? በቃ። ቆይ። ምን ትበላለች እዚያ? ከስታ እንደሆን ጠይቃት። አይ፣ ተወው። ሰርዘው። ሰረዝከው?»

ሰርዤዋለሁ። በአንድ መስመር ብቻ ስለሰረዝኩት በደንብ ይነበባል።

የመጨረሻዋን ጥያቄሽን አንብቤላቸዋለሁ። ሰምተው ተነሡ፤ ከመንገዱ ማዶ የታሰረች የሰው በቅሎ ኮቴዋን እያነሡ ሲያዩ ቆዩ። የበቅሎዋ ባለቤት ሊገዟት መስሎት ብዙ ደከመ። ተመልሰው «ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቅዳሜ መጥተዋል። ከጥርባ በላይ ተነሥተው በእግር ነው የሚመጡት፤ ፈረስ የላቸውማ። ይቀመጣሉ፣ ይሰድቡኛል፣ ይሄዳሉ። ጥያቄውን አላነሡም። እኔም አላነሣሁባቸውም።

ወርቅአየሁ


ሃይደራባድ፣ መጋቢት 3 ቀን 2010

ጋሼ ወርቅአየሁ፣

የተሰረዘውን አንብቤዋለሁ። አልከሳችም ይበሉት። ሩዝ እበላለሁ፤ ጠዋት ሩዝ፣ ማታ ሩዝ፣ በበዓል ቀን ደግሞ ቢጫ ሩዝ።

የኮርቻውን ነገር ለፕሮፌሰሬ ተረጎምኩለት። ብዙ አሰበና «አባትሽ የት ነው የተማሩት?» አለኝ። ጥርባ አልኩት። «ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ነው?» ሲል፣ መግቢያው ከባድ ነው አልኩት። ግን ቀልድ አይደለም፤ አባቴ ልክ ነው። አርባ አንደኛውን ዙር ጨርሼ እንዳለው አወረድኩትና ከሥር አየሁት። ነጥቡ በየዙሩ ያምራል። ሌሎች ሰዎች በቤተ ሙከራ ከለኩት ጋር ሳስተያየው ግን ከሃያኛው ዙር ወዲህ እየራቀ ነው የሄደው። እያስዋብኩ አበላሽቼዋለሁ። ፕሮፌሰሬ ግን የሚያምረው ይቅረብ ባይ ነው፤ የመመረቂያው ፈተና በታኅሣሥ ነው፣ ፈታኞች ቆንጆ ሥዕል ይወዳሉ ይላል።

የጥያቄዬን መልስ አልቸኩልም። ሦስት ቅዳሜ በእግሩ መምጣቱን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ለእርስዎም አልነግርዎም። ብቻ ትምህርቴን ጨርሼ ስመጣ በየትኛውም ስም ይሁን፣ በደጁ ቆሜ ስጠራው አቤት ይበለኝ። ሌላ አልፈልግም።

ርብቃ


እንጅባራ፣ ግንቦት 18 ቀን 2010
(ያልተላከ)

ጉዳዩ፦

ርብቃ፣ አባትሽ ሐሙስ ዕለት አረፉ። ትኩሳት ነበር አሉ። ሕክምና እንውሰድዎት ቢሏቸው «ይሻለኛል» ብለው አራት ቀን ተኙ። ትናንት ጊዮርጊስ ተቀበሩ። አባል የነበሩበት የፈረስ ማኅበር በሙሉ ወጥቶ ነበር። ኮርቻቸውን በሰው ፈረስ ላይ ጭነው፣ ያለ ሰው፣ ከሬሳው ፊት አስኬዱት።

ከቀብር ስንመለስ አጎትሽ እንየው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆኖ ጠራኝ። «ሰው በባዕድ አገር ብቻውን መርዶ አይሰማም» አለኝ። «ማን ይይዛታል? ማን አብሯት ያለቅሳል? ፈተናዋን ጨርሳ ስትመጣ፣ በወጉ ማልደን ሄደን፣ ሰው ሰብስበን እናረዳታለን።» ደግ ነገር ነው አልኩ። «ደብዳቤው ከቆመ ግን ትጠረጥራለች» አለ። ከዚያ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት «እኔ አመልካች» እያልኩ በሰው አፍ ስናገር ኖሬአለሁ። ሁሉም ግን ፊቴ ተቀምጠው ነበር።

ይህን የጻፍኩት እጄን ለማፍታታት ነው። አይላክም። በመሳቢያ ይቀመጥ።


እንጅባራ፣ ሰኔ 15 ቀን 2010

ለውድ ልጄ ለርብቃ ይኸነው

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሱን በማዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያለፈው አልፏል፤ ታርቄሻለሁ። የትም ብትጸልዪ ልጄ ነሽ። ርብቃ የሚለው ስምም መልካም ስም ነው። ዝናቡ በጊዜው ገብቷል፣ ድንቹ አምሯል፣ ከብቱ ሰላም ነው። ስለ እኔ ምንም ሳታስቢ ትምህርትሽን በርትተሽ እንድትፈጽሚ በትሕትና አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አባትሽ አቶ ይኸነው


ሃይደራባድ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2010

አባ፣

ጋሼ ወርቅአየሁ ቀስ ብለው ያንብቡልህ።

ደብዳቤህን በቦርሳዬ ይዤ ነው የምውለው። በየአውቶቡሱ አውጥቼ አነበዋለሁ፤ አጠገቤ የሚቀመጡት ሰዎች ፊደሉን እያዩ ጸሎት ይመስላቸዋል። እሑድ በጉባኤያችን ተነሥቼ ምስክርነት ሰጠሁ። አምስት ዓመት የለመንኩት ተመለሰልኝ፣ አባቴ በስሜ ጠራኝ አልኩ። ቋንቋዬን የማያውቁ ሰዎች አብረውኝ አለቀሱ።

ምን እንደማደርግልህ ግራ ገባኝ። ይቅርታ እጠይቃለሁ ያልክበት ቦታ ላይ ስደርስ ግን ዝም ብዬ አልፈዋለሁ፤ አንተ እኔን ይቅርታ ልትጠይቅ አይገባህም፣ አባ። ስመጣ እኔ እግርህ ላይ እወድቃለሁ።

ስልሳ ሦስተኛው ዙር ወጣልኝ። እንከን የለውም። ቀዳዳው ሁሉ ተሞልቷል።

ልጅህ ርብቃ


ሃይደራባድ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2011

ጋሼ ወርቅአየሁ፣

ይህ ለእርስዎ ብቻ ነው። ለማንም አያንብቡት።

የነሐሴው ደብዳቤ ደረሰኝ፣ የመስከረሙም። ሦስቱም ያምራሉ። ሦስቱንም ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ሳያቸው ሰነበትኩ። ሥራዬ ሆኖ በጣም የሚያምር ነገር ሳይ እጠረጥራለሁ። ያ ስልሳ ሦስተኛው ዙር ትዝ ይለዎታል? ነጥቡ ሙሉ ነበር። ፕሮፌሰሬ እንኳ ሊወድቅለት ደርሶ ነበር። እኔ ግን ሌሊቱን ሳይሆን ጠራራ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ሳየው፣ ከፈረሱ ቫይረስ ምንም አልቀረበትም። የበጉን ነው አስውቤ አስውቤ ያቆምኩት።

አባቴ ራሱን «አቶ» ብሎ አያውቅም፤ ይህን ታግሼ አለፍኩት። የድንቹን ማማር ነገረኝ፤ በሕይወቱ ድንቹ አምሮለት አያውቅም፣ ሁልጊዜ በሽታ መትቶት ነው። ይህንንም አለፍኩት፤ አንድ ዓመት ሊያምር ይችላል ብዬ። ስሜን በየመስመሩ ጠራኝ። ይህን እንኳ፣ ጋሼ፣ ስለፈለግኩት አለፍኩት።

ግን በእነዚህ ሦስት ደብዳቤዎች ውስጥ ማንም እርስዎን አልሰደበዎትም።

አባቴ እዚያ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ አንዴ እንኳ፣ ጻፍ ሳይልዎት፣ እንሽላሊት ሳይልዎት ይቀር ነበር? እባክዎን ከዚህ በላይ አያስውቡልኝ። መቼ ነው?

ርብቃ


እንጅባራ፣ ኅዳር 2 ቀን 2011

ጉዳዩ፦ የተከሳሽ የእምነት ቃል

ልጄ ርብቃ፣

ግንቦት 16 ቀን፣ ሐሙስ። የዚያን ሰሞን የጻፍኩትን ደብዳቤ ከመሳቢያ አውጥቼ አያይዤልሻለሁ፤ ቀብራቸውን እዚያ ታገኚዋለሽ። ሦስቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ደህና ናቸው በል፣ ደህና ነኝ በል ነው ያሉኝ። ታርቄሻለሁ የሚለውን የጨመርኩት በራሴ ነው። ማመልከቻ የሚጠየቅበት ነገር ከሌለው ማመልከቻ አይሆንም፤ የተጠየቀም ሳይመለስ ሲቀር አልወድም። ያንቺ ጥያቄ በመዝገቤ ላይ ሰባት ወር ተንጠልጥሎ ነበር። ልዝጋው ብዬ ነው። በጉባኤ ተነሥተሽ መናገርሽን ባነበብኩ ጊዜ ለሁለት ቀን ጠረጴዛዬን አልዘረጋሁም።

እውነቱን ልንገርሽ፤ የማውቀው ግን ትንሽ ነው። ከመሞታቸው በፊት በነበረው ቅዳሜ መጥተው ነበር። ፊታቸው ልክ አልነበረም፤ እያላባቸው ነው። ልመልስላት ነው አሉኝ። ወረቀት አወጣሁ። «ለልጄ ለ» ብዬ ጽፌ ብዕሬን አነሣሁ። ማን ልበል አልኳቸው። በአዊኛ ለራሳቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ እኔ የደጋ ዳሞት ሰው ነኝ፣ አልሰማውም። ማናለብሽ ልበል? ብዬ ደገምኩ። ርብቃ ልበል? ተቆጡኝ፤ «ምን ያጣድፍሃል፣ አንተ የሰው ቋንጣ! ቦታውን ተወው። ቅዳሜ እነግርሃለሁ» አሉኝ። ተነሥተው ጥቂት ሄዱና ዞረው ወረቀቱ እንዳለ አዩ። ከዚያ ሄዱ።

ወረቀቱ ይኸው። ፍቅርአዲስ ስካን አድርጋዋለች። ሦስት ቃል የማይሞላ ጽሑፍ ነው፤ ቀጥሎ ባዶ ነው። ምን ሊያስጽፉኝ እንደነበር ፍርድ ቤት ቢያስምለኝ አላውቅም። ያንን ባዶ ነው እኔ ደፍሬ የሞላሁት።

እንድትረግሚኝ ቦታ ትቻለሁ።

ወርቅአየሁ


ሃይደራባድ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2011

ጋሼ ወርቅአየሁ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከፈተናው ሦስት ሳምንት በፊት ነው። መልስ ያዘገየሁት ስላልቻልኩ ነው እንጂ ቂም ይዤ አይደለም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለሰው ቋንጣ ደግሞ ተጨማሪ ርግማን ምን ይጎዳዋል? አልረገምኩዎትም።

ስልሳ ሦስተኛውን ዙር ጣልኩት። ለፈታኞቹ ያቀረብኩት ዐሥራ ዘጠነኛውን ነው፤ ነጥቡ ዝቅ ይላል፣ እዚህም እዚያም ይቆረቁራል። ያ እምቢ ያለኝን ቦታ ሳልሞላው ተውኩት። አንዱ ፈታኝ በእስክሪብቶው እየጠቆመ «እዚህ ጋ ምን አለ?» አለኝ። አንድ ነገር አለ፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም አልኩት። ፕሮፌሰሬ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። ለሁለት ሰዓት ካደረቁኝ በኋላ፣ እርማት ጨምሪበት ብለው አሳለፉኝ።

ባለፈው እሑድ በጉባኤ ተነሥቼ ያልኩትን መለስኩ። አባቴ ታረቀኝ ብዬ ነግሬአችሁ ነበር፤ ይታረቀኝ እንደነበር አላውቅም፣ ሞቷል አልኩ። ማንም ሃሌሉያ አላለም። እንዲህ ያለ ምስክርነት ሰምተው አያውቁም መሰለኝ። ቆይታ አንዲት አሮጊት ከወንበሯ ተነሥታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እስከ መጨረሻው እጄን ይዛኝ ነበር። በየትኛው ቋንቋ እንዳጽናናችኝ እንኳ አልለየሁትም።

ወረቀቱን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። አንዳንድ ቀን ባዶው ላይ ማናለብሽ ብዬ አነባለሁ፣ አንዳንድ ቀን ርብቃ። አብዛኛውን ቀን «ለልጄ ለ» ላይ ስደርስ ዓይኔን አነሣለሁ።

ጥር 4 ቀን ባሕር ዳር እገባለሁ፤ በማግስቱ በሚኒባስ ወደ እናንተ፤ ሌሊቱን እዚያው ከተማ አልጋ ይዤ አድራለሁ። እባክዎን አንድ ነገር ልለምንዎ። እንደነገሩኝ ለአጎቴ ለእንየው አይንገሩት። ለሰባት ወር ምስጢሬን የጠበቁልኝ ሰዎች ናቸው፤ ሲነጋጋ ተሰብስበው ሊመጡ፣ በወጉ ሊያረዱኝ ተዘጋጅተዋል። አጎቴ የሚናገረውን ቃል ሳያጠና አይቀርም። እኔ እንዳላወቀ ሰው በሩን እከፍትላቸዋለሁ፤ በማለዳ ምን አመጣችሁ እላለሁ። እነሱም የድርሻቸውን ይወጡ።

እርስዎም ይምጡ። ግን ፊትዎ አያስችልዎትምና ከሰው ኋላ ይቁሙ። ሲነግሩኝ አለቅሳለሁ። ማስመሰል እንዳይመስልዎ።

የይኸነው ልጅ